ባንኩ 35 በመቶ ሲል እጃችን የሚገባው ስንት ነው?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሳምንታት የአዲስ አበባ ሆቴሎችና የስብሰባ አዳራሾች በባለአክሲዮኖች ይሞላሉ። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባዔ የሚቀርበው በእነዚህ ወራት ነው። በዚያ ሰሞን ባለአክሲዮኖች ሲገናኙ የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነው፤ «የእናንተ ባንክ ዘንድሮ ስንት ከፈለ?» መልሱም አጭር ነው፤ 25፣ 30፣ 35 በመቶ።

ብዙ ሰው አክሲዮን የሚገዛው ይህን ቁጥር ሰምቶ ነው። ባንክ የሚያስቀምጠው ገንዘብ 7 በመቶ ወለድ እያሰበለት 35 በመቶ ሲሰማ ልቡ ቢነሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ ከወጣበት ዋጋ ጋር የተመዛዘነም አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ምን እንደሚሆን አይናገርም። አክሲዮንን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ይዞ በትርፍ ድርሻው ለመጠቀም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መማር ያለበት ይህን ቁጥር መፍታት ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ እንጂ የየትኛውም ባንክ አይደሉም። አንድ ባንክ የተከፈለ ካፒታሉ በዓመቱ አማካይ 4 ቢሊዮን ብር ነው፤ አንዱ አክሲዮን ወረቀቱ ላይ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ስለሆነ 4 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሉት ማለት ነው። ከግብር በፊት 2 ቢሊዮን ብር አተረፈ። 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር፣ ማለትም 600 ሚሊዮን፣ ሲነሳ 1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ይቀራል። ይህ ለ4 ቢሊዮን ሲካፈል 35 በመቶ ይሆናል። በየመድረኩ «የአንድ አክሲዮን ትርፍ» ተብሎ የሚነገረው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ግን ሁሉም አይከታተለውም። ባንክ የተጠባባቂ ሒሳቡ ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ እንዲያዞር ይገደዳል። ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮኑ 350 ሚሊዮን እዚያ ገባ፤ 1 ቢሊዮን 50 ሚሊዮን ቀረ። ብሔራዊ ባንክ ለአጠራጣሪ ብድሮች እንዲያዝ የሚፈልገው መጠባበቂያ በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ከተሰላው ከበለጠ ልዩነቱ እንዲሁ ተነጥሎ ይያዛል። ለዚህና ለሌሎች ተቀናሾች 100 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ለባለአክሲዮኖች ሊከፋፈል የሚችለው 950 ሚሊዮን ነው። ለ4 ሚሊዮን አክሲዮኖች ሲደርስ በአክሲዮን 237 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ማለትም 23.75 በመቶ ይሆናል።

የትርፍ ድርሻ ግብር ደግሞ ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ቀንሶ የሚያስቀረው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የተደነገገው ምጣኔ 10 በመቶ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን የጸናውን ምጣኔ ይዞ ማስላት ተገቢ ነው፤ እዚህ ግን ለማሳያ በ10 በመቶው እንቀጥል። 237.50 ሲቀነስለት 213 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። 35 በመቶ የተባለው 21.4 በመቶ ሆነ። ማንም አላጭበረበረም። መጠባበቂያው የባለአክሲዮኑ ሀብት ሆኖ ባንኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኪስ የሚገባው ግን 21.4 ነው።

ይህም ቢሆን አክሲዮኑን በተጻፈበት ዋጋ ለገዛ ሰው ነው። ከሌላ ባለአክሲዮን ወይም በጨረታ የሚገዛ ሰው ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይከፍላል። በ2008 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮች የነበራቸውን አክሲዮን እንዲለቁ በተደረገበት ጊዜ አክሲዮኖቹ በጨረታ ቀርበው በተጻፈባቸው ዋጋ ላይ ብዙ ተጨምሮባቸው የተሸጡበት ሁኔታ ነበር። ያንን የ1,000 ብር አክሲዮን 1,800 ብር የገዛ ሰው የሚያገኘው ያው 213.75 ነው። ለእሱ ምላሹ 11.9 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የትርፍ ድርሻን ከወረቀቱ ዋጋ ጋር ማወዳደር የገዛንበትን ዋጋ እንደመርሳት ነው። ሁልጊዜ የሚካፈለው ከኪስ ለወጣው ገንዘብ ነው፤ በምሥረታ ጊዜ የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያም የዚያ አካል ነው።

1,800 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? መለኪያ የሚሆነው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ሀብት ነው። በምሳሌው ባንክ ካፒታሉ 4 ቢሊዮን፣ የተጠራቀመው መጠባበቂያ 1 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ 300 ሚሊዮን ቢሆን ድምሩ 5 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን፣ በአክሲዮን 1,450 ብር ይሆናል። 1,800 የከፈለ ሰው ካለው ሀብት በላይ 350 ብር ጨምሯል። ባንኩ እያደገ ከሆነ ይህ ብዙ አይደለም። የተበላሸ ብድሩ እየጨመረ ከሆነ ግን 1,450 የተባለው ራሱ ሊቀንስ የሚችል ቁጥር ነው።

ካፒታል ሲያድግ ድርሻው ለምን ያንሳል?

በግል ባንኮች ታሪክ ውስጥ የባለአክሲዮኑን ምላሽ የለወጠ ትልቅ ውሳኔ የተላለፈው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገ፤ በሥራ ላይ ላሉት ባንኮችም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ባንኮች በየጉባዔው ካፒታል ማሳደግን አጀንዳ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ለባንኩ ጥንካሬ ይህ መልካም ነው። ለባለአክሲዮኑ ግን ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ይዞ መጣ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በሚቀጥለው ዓመት ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ደረሰ፤ የተጣራው ትርፍም በ10 በመቶ አድጎ 1 ቢሊዮን 540 ሚሊዮን ሆነ። ጋዜጣው «ትርፉን አሳደገ» ብሎ ይጽፋል። ሕጋዊ መጠባበቂያው 385 ሚሊዮን፣ ሌሎች ተቀናሾች 110 ሚሊዮን ሲነሱ የሚከፋፈለው 1 ቢሊዮን 45 ሚሊዮን ነው። ይህ ለ5 ሚሊዮን አክሲዮኖች ሲካፈል 209 ብር ነው። ትርፉ በ10 በመቶ ሲያድግ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ከ237.50 ወደ 209 ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካፒታሉ በ25 በመቶ ሲያድግ ትርፉ ያደገው በ10 በመቶ ነው። አዲስ የገባው ገንዘብ ለብድር ተሰጥቶ፣ ቅርንጫፍ ተከፍቶበት፣ ወለድና ኮሚሽን እስኪያመጣ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ የትርፍ ድርሻ የሚጠይቀው ግን ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው።

መቶ አክሲዮን የነበረው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከግብር በፊት 23,750 ብር ደረሰው። ይህንን አውጥቶ ለልጆች ትምህርት ቤት ከፈለበት እንበል። በሁለተኛው ዓመት በመቶ አክሲዮኖቹ 20,900 ብር ያገኛል። ጎረቤቱ ደግሞ የትርፍ ድርሻው ለካፒታል ማሳደጊያ እንዲውል ፈርሞ 23 አክሲዮን ጨመረ፤ 750 ብር ተረፈው። በሁለተኛው ዓመት በ123 አክሲዮኖቹ 25,707 ብር ይደርሰዋል። ጎረቤቱ የከበረ ይመስላል፤ እስቲ የሁለቱን ባለቤትነት እንለካ። ሁለቱም ከ4 ሚሊዮን አክሲዮኖች 100 ሲኖራቸው የባንኩ 0.0025 በመቶ ባለቤት ነበሩ። ድርሻውን መልሶ ያስገባው ሰው አሁን ከ5 ሚሊዮን 123 አለው፤ 0.00246 በመቶ። ያላስገባው 0.002 በመቶ ደርሷል። ሙሉውን የትርፍ ድርሻ መልሶ ያስገባው ሰው በነበረበት ለመቆየት ተቃርቧል እንጂ አላደገም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ካፒታሉን በፍጥነት በሚያሳድግ ኩባንያ ውስጥ የትርፍ ድርሻ ሙሉ በሙሉ የሚበላ ገቢ አይደለም። ከፊሉ ገቢ ነው፤ ከፊሉ ግን ቦታን ላለማጣት የሚመለስ ገንዘብ ነው። ድርሻውን በየዓመቱ አውጥቶ የሚያጠፋ ሰው ሳያውቀው ባለቤትነቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሸጠ ነው። ይህን አውቆ ማድረግ ነውር የለበትም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ለዚሁ ነው ያጠራቀመው። ነገር ግን ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ድርሻውን ለመመለስ ቢወስን ይሻላል ብለን እናምናለን።

ካፒታል በሚያድግበት ጊዜ ነባር ባለአክሲዮኖች የቅድሚያ መግዛት መብት አላቸው። መብቱ በደብዳቤ ወይም በጋዜጣ ማስታወቂያ ከነቀነ ገደቡ ይገለጻል፤ ቀኑ ካለፈ ድርሻው ለሌላ ይተላለፋል። ገበያው ከተጻፈው ዋጋ በላይ በሚከፍልበት ባንክ ውስጥ ይህን መብት በዝምታ ማሳለፍ ገንዘብ መጣል ነው። አድራሻቸው፣ ስልካቸውና የባንክ ሒሳባቸው በአክሲዮን ክፍሉ መዝገብ ያልታደሰ ሰዎች በየዓመቱ የሚያጡት በዚህ መንገድ ነው። መዝገቡ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ከስም አጻጻፍ ጋር አንድ ሆነው መገኘታቸውንም ማረጋገጥ ይገባል፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ክፍያው ሳይወሰድ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ግብሩም አንድ ነገር እንጨምር። ለካፒታል የሚውለው ትርፍ በጥሬ ገንዘብ ከሚወጣው የተለየ አያያዝ አለው፤ ከላይ 23 አክሲዮን ስንል ግብር ሳይቀነስ ያሰላነው ለዚህ ነው። ሕጉ ግን የጊዜ ገደብ አለው፦ ሳይከፋፈልም ሆነ ካፒታል ሳይሆን 12 ወር ያለፈው ትርፍ ራሱ ግብር ይጠየቅበታል። ጉባዔው «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ ትርፉን ሲያሳድር ባለአክሲዮኑ ካፒታል ሆኖ የሚመዘገብበትን ቀን መጠየቅ አለበት።

የተፈረመና የተከፈለ

ሌላው ግራ የሚያጋባው የተፈረመና የተከፈለ ካፒታል ልዩነት ነው። ባለ 1,000 ብር 200 አክሲዮን ለመግዛት ፈርሞ ሩቡን፣ 50,000 ብር፣ የከፈለ ሰው የትርፍ ድርሻ የሚያገኘው በ50,000 ብሩ ነው። ቀሪውን 150,000 በተባለው ጊዜ ካልከፈለ ደግሞ አክሲዮኖቹ ለሌላ እንዲሸጡ ሊደረግ ይችላል። በዓመቱ አጋማሽ የከፈለም የሚያገኘው በቀን ተሰልቶ ነው። ጥር ላይ 100,000 ብር አስገብቶ በኅዳር የሙሉ ዓመት ድርሻ የሚጠብቅ ሰው ግማሽ ያህሉን ሲያገኝ ባንኩ የበደለው ይመስለዋል። የሒሳቡ ዓመት ግን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው።

የዋጋ ንረት የሚወስደው

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት 21.4 በመቶ ያገኘ ሰው ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ቢመልስ እንኳ የገንዘቡን አቅም አላስጠበቀም። የተቀማጭ ወለድ ዝቅተኛው ምጣኔ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ስለነበረ ከቁጠባ ጋር ሲነጻጸር አክሲዮን የተሻለ ነበር፤ ይህ ግን ከባሰው ጋር ማወዳደር ነው።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ሰው ማየት ያለበት የዘንድሮውን መቶኛ ሳይሆን የአንዱን አክሲዮን ትርፍ በብር፣ በአምስት ዓመት ተሰልፎ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለ1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር አትርፎ ዛሬም 300 የሚያተርፍ ባንክ በየዓመቱ «30 በመቶ» እያለ ይኮራል፤ ያ 300 ብር የሚገዛው ጤፍ ግን ያው አይደለም። መጠባበቂያውና ያልተከፋፈለው ትርፍ አድጎ የአክሲዮኑ እውነተኛ ዋጋ ከፍ ካለ ክፍተቱ በከፊል ይሞላል። ሁለቱን፣ የአክሲዮን ትርፍንና የአክሲዮን ሀብትን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሌላ የሚያሳስት ቁጥር ተፈጠረ። ከዕዳው የሚበልጥ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበረው ባንክ በምንዛሪ ለውጡ ብቻ ትልቅ ትርፍ መዘገበ፤ በተቃራኒው የነበረው ደግሞ ኪሳራ። ይህ ዓይነት ትርፍ በየዓመቱ አይደገምም። የዚያን ዓመት ሪፖርት የሚያነብ ሰው ገቢው ከወለድ፣ ከአገልግሎት ክፍያና ከምንዛሪ ልዩነት ምን ያህል እንደመጣ ለይቶ፣ የመጨረሻውን አውጥቶ ማስላት አለበት። ያን ሳያደርግ አክሲዮን በውድ የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ለዘነበ ዝናብ የዓመቱን ዋጋ ከፍሏል።

አራት ባንክ አራት ቦታ አይደለም

«ገንዘቤን አከፋፍያለሁ» የሚሉ ሰዎች ዝርዝር ሲታይ ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ባንኮች ናቸው። ከአንድ ባንክ ይሻላል፤ የአንዱ ሥራ አመራር ቢሳሳት ሌላው ይተርፋል። የባንኮችን ትርፍ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ሁሉንም በአንድ ቀን የሚነካ መመሪያ ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ የሚሆነውን ዝቅተኛ ወለድ ለሚከፍል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዣ እንዲያውሉ ተገደው ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ። እነዚህ ሁሉ አራቱንም ባንክ በአንድ ጊዜ ነኩ።

ስለዚህ ቅርጫቱ ከባንክ ውጭም ማየት አለበት። ኢንሹራንስ በዚያው በብሔራዊ ባንክ ሥር ቢሆንም የገቢ ምንጩ የተለየ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ ከአንድ ሰው የሚጠበቀው ዝቅተኛ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ገዢዎቹ ግን ከ47,000 በላይ ነበሩ፤ በትንሽ ገንዘብ ባለቤት ለመሆን የሚፈልግ ሕዝብ መኖሩን ያሳያል። የማምረቻና የአገልግሎት ድርጅቶችም በገበያው ሲመዘገቡ የሚታዩ ናቸው። ወለድ ለማይፈልግ ሰው እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉ።

ለ600,000 ብር አንድ አከፋፈል እናሳይ። በቅድሚያ የስድስት ወር የቤት ወጪ ከዚህ ውጭ በቁጠባ መቀመጥ አለበት፤ አክሲዮን በአንድ ሳምንት ወደ ጥሬ ገንዘብ ላይቀየር ይችላልና። ከዚያ በአንድ ኩባንያ ከ150,000 አይበልጥ፤ በባንኮች በጠቅላላው ከ350,000 አይበልጥ። ሁሉንም በአንድ ወር ከመግዛት በሁለት ዓመት ውስጥ በአራት ጊዜ መግዛት ሁለት ዓመታዊ ሪፖርቶችን አይቶ ለመወሰን ዕድል ይሰጣል። ተበድሮ መግዛትን አንመክርም። የብድር ወለዱ በየወሩ ይጠየቃል፤ የትርፍ ድርሻው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ጉባዔው ከወሰነ ነው።

በምሥረታ ላይ ያሉ ኩባንያዎች

ሰው ብዙ ገንዘብ ያጣበት ቦታ ይህ ነው። የሚሸጠው አክሲዮን በተጻፈበት ዋጋ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን ወጪ ሆኖ ይሄዳል፤ ኩባንያው ባይቋቋም ብዙ ጊዜ አይመለስም። የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ሲያድግ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። 30 በመቶ የዋጋ ንረት ባለበት ሁለት ዓመት የተቀመጠ 100,000 ብር ሲመለስ የመግዛት አቅሙ 59,000 ያህል ነው። የተቋቋመውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቅርንጫፍ፣ ለሶፍትዌርና ለሠራተኛ ስለሚያወጣ ድርሻ ሳይከፍል ሊቆይ ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይደርሳል። የትርፍ ድርሻ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የአምስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ የሌለውን ኩባንያ ከቅርጫቱ ከአሥር አንድ በላይ ባይሰጠው ይሻላል።

ሪፖርቱን ማንበብ

ዓመታዊ ሪፖርቱ ወፍራም ነው፤ ከፊት ያሉት ፎቶዎችና የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት ሊዘለሉ ይችላሉ። መጀመሪያ የኦዲተሩ አስተያየት ይነበብ፤ «ከዚህ በስተቀር» የሚል ቃል ካለ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የባለአክሲዮኖች ሀብት ለውጥ መግለጫ ነው፤ ትርፉ ወዴት ወዴት እንደተከፈለ በአንድ ሠንጠረዥ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ስለ ብድር የተጻፈው ማብራሪያ ይመጣል። የተበላሹ ብድሮች ከጠቅላላ ብድር ከ5 በመቶ በላይ ከሆኑ የብሔራዊ ባንክን መስፈርት አልፈዋል። መስፈርቱን ባያልፉም ከ2 ወደ 4 የሄደ ባንክ ከ4.5 ወደ 4 ከወረደው የበለጠ ያሳስባል። የካፒታል ብቃት ምጣኔው፣ ማለትም የባንኩ ካፒታል ከብድሩና ስጋት ካለባቸው ሌሎች ሀብቶቹ ጋር ሲነጻጸር፣ ከ8 በመቶ በታች መሆን የለበትም፤ 9 ላይ ያለ ባንክ በቅርቡ ከባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ እንደሚጠይቅ መገመት ይቻላል።

ሁለት ምልክቶች አብረው ሲታዩ መጠንቀቅ ይገባል፦ ለብድር ኪሳራ የሚያዘው መጠባበቂያ ቀንሶ የትርፍ ድርሻው ሲጨምር። ብድሩ እያደገ መጠባበቂያው ካነሰ ትርፉ የመጣው ከሥራ ሳይሆን ከግምት ሊሆን ይችላል፤ ግምቱ ሲስተካከል ድርሻው በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ተቀማጭ ገንዘብ የመድን ፈንድ አለው፤ አክሲዮን ግን የለውም። ባንክ ሲቸገር የመጨረሻው ተከፋይ ባለአክሲዮኑ ነው።

መሸጥና መግዛት

ለረጅም ዘመን አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ገዢውን ራሱ ፈልጎ፣ ዋጋ ተደራድሮ፣ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቦ፣ የባንኩን አክሲዮን ክፍል ደጅ ይጠና ነበር። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሌላ መንገድ አመጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ ጋዳ ባንክም ተከተለ። በዚህ መንገድ ለመግዛት ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው አገናኝ ድርጅት ዘንድ ሒሳብ ይከፈታል፤ አክሲዮኑም በወረቀት ሳይሆን የአክሲዮን ባለቤትነት በሚመዘገብበት ማዕከላዊ ግምጃ ቤት በኤሌክትሮኒክ ይመዘገባል። የአገናኙን ኮሚሽን በቅድሚያ መጠየቅ፣ ለትንሽ ግዢ ዝቅተኛ ክፍያ እንዳለውም ማወቅ ያስፈልጋል። በ5,000 ብር ግዢ ላይ 100 ብር ኮሚሽን 2 በመቶ ነው፤ በ50,000 ግን 0.2 በመቶ።

ገና በለጋ ገበያ ላይ የሚታይ ዋጋ ጥቂት ግብይት የፈጠረው ሊሆን ስለሚችል ከዋጋው ጎን ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ ማየት ይገባል። ትእዛዝ ሲሰጥም የከፍተኛ ዋጋ ገደብ ማስቀመጥ እንጂ «በተገኘው ዋጋ» ማለት አይበጅም። ከጉባዔው በፊት የሚገዛ ሰው የባለአክሲዮኖች መዝገብ የሚዘጋበትን ቀን ይጠይቅ። ከዚያ ቀን በኋላ የገዛ የዓመቱን ድርሻ አያገኝም፤ ስለዚህ ዋጋው በዚያው ልክ መቀነስ አለበት።

በውጭ ለሚኖሩ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1159 ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክ አክሲዮን እንዲይዙ በውጭ ምንዛሪ መግዛትን መነሻ አድርጎ ፈቀደ። ለእነዚህ ገዢዎች ትልቁ ሒሳብ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 መጀመሪያ ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ 100,000 ብር ያህል አክሲዮን የያዘ ሰው 1,750 ዶላር ገደማ ነበረው። ምንዛሪው 135 ሲደርስ ያው 100,000 ብር 740 ዶላር ነው። ያን ክፍተት ለመሙላት በ20 በመቶ የትርፍ ድርሻ እንኳ አምስት ዓመት ገደማ ያህል መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ለመሥራት፣ ወላጅ ለመጦር ወይም ተመልሶ ለመኖር የሚያስብ ሰው በብር ቢይዝ ምክንያት አለው፤ ጡረታውን በዶላር የሚያወጣ ሰው ግን ዋናውን ቁጠባ እዚህ ባያደርገው ይሻለዋል።

በአሜሪካ ግብር የሚከፍሉ ደግሞ የትም ያገኙትን ገቢ ያሳውቃሉ። አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው የኢትዮጵያ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ በአሜሪካ ገበያ ከተመዘገቡ ኩባንያዎች የሚገኘው ዝቅተኛ ምጣኔ አይደርሰውም፤ እንደ ተራ ገቢ ይታያል። በኢትዮጵያ የተቀነሰው ግብር ግን በአሜሪካው ላይ እንዲካካስ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም ከባንኩ የአክሲዮን ክፍል ግብር የተቀነሰበትን ማረጋገጫ ደብዳቤ በየዓመቱ መቀበል ያስፈልጋል። ደብዳቤውን በኅዳር፣ ክፍያው እንደተፈጸመ መጠየቅ ይቀላል፤ በሚያዝያ የግብር ቀን ሲደርስ ከባሕር ማዶ ማስጻፍ ውክልና ሊጠይቅ ይችላል።